ሽፋኑ የተገፈፈ ሽቦ፦ ከመልቲፕል ስክሌሮሲስ ጋር የሚኖር ወላጅ ሕይወት በፊዚክስ መነጽር

የሰው ልጅ እጁን ለመዘርጋት በማሰቡና እጁን በመዘርጋቱ መካከል ያለው ጊዜ እጅግ አጭር በመሆኑ ሐሳቡና ድርጊቱ አንድ ይመስሉታል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል የሚጓዝ የኤሌክትሪክ መልእክት አለ፤ መልእክቱ የሚጓዝበት መስመር አለ፤ መስመሩም ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን በአንጎልና በኅብለ ሠረሠር ውስጥ እዚህም እዚያም ሲጎዳ የሚከሰተው ሕመም መልቲፕል ስክሌሮሲስ፣ ባጭሩ ኤም ኤስ ይባላል።

ኤም ኤስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ሴቶችን ከወንዶች ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ያጠቃል። ይህ ዕድሜ ሰዎች ትዳር የሚመሠርቱበትና ልጆች የሚያሳድጉበት ነው። ሕመሙ ቶሎ የሚገድል ስላልሆነ ታማሚው ከእርሱ ጋር 20፣ 30፣ 40 ዓመት ይኖራል። ስለዚህም እናታቸውን ወይም አባታቸውን ከኤም ኤስ ጋር እያዩ ያደጉ፣ ተምረው ለወግ ለማዕረግ የበቁና ራሳቸውም ወላጅ የሆኑ ልጆች በየአገሩ ብዙ ናቸው።

እነዚህ ልጆች በልጅነታቸው የሚጠይቁት አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። እናቴ ትናንት ደረጃውን ወጥታ ነበር፤ ዛሬ ከወንበሯ መነሣት ያቃታት ለምንድን ነው? ጠዋት ታነበው የነበረውን ጋዜጣ ከሰዓት በኋላ ማየት የተሳናት ለምንድን ነው? ጎረቤት በበኩሉ ጥያቄውን ወደ ፍርድ ይለውጠውና «ብትፈልግ ትችል ነበር» ይላል። ሙያችን ፊዚክስ እንጂ ሕክምና ስላልሆነ ስለ ሕመሙ አያያዝ ምክር ለመስጠት አንደፍርም። ለዚህ ጥያቄ ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው የኤሌክትሪክ ትምህርት በቂ መልስ አለው። ያንን መልስ ከመስጠታችን በፊት የአንዲት እናት ሕይወት ምን ይመስል እንደነበር እንመልከት።

የአንዲት እናት 25 ዓመታት

አኔት ፈኒቼሎ እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ዩቲካ በምትባል ከተማ ተወለደች። እ.ኤ.አ. በ1955 ገና በ12 ዓመቷ ዋልት ዲዝኒ ባዘጋጀው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርባ አገር ያወቃት ልጅ ሆነች። በ1960ዎቹ ደግሞ በባሕር ዳርቻ ላይ የሚጫወቱ ወጣቶችን በሚያሳዩ የሙዚቃ ፊልሞች እየተወነች ይበልጥ ታወቀች። አግብታም የሦስት ልጆች እናት ሆነች።

እ.ኤ.አ. በ1987፣ በ40ዎቹ ዕድሜዋ አጋማሽ ላይ ሳለች፣ ኤም ኤስ እንዳለባት ሐኪሞች ነገሯት። ለአምስት ዓመታት ያህል ጉዳዩን ከሕዝብ ሰውራ ቆየች። በዚህ መካከል እርምጃዋ መንገዳገድ ስለጀመረ «ትጠጣለች» የሚል ሐሜት ተነሣ። ሐሜቱን ለማስቆም ስትል እ.ኤ.አ. በ1992 ሕመሟን በይፋ ተናገረች። በቀጣዩ ዓመት ለነርቭ ሕመሞች ምርምር የሚውል የገንዘብ ድጋፍ የሚያሰባስብ ድርጅት አቋቋመች፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ የሕይወት ታሪኳን በመጽሐፍ አሳተመች። ከዚያ በኋላ ግን ሕመሙ እየጠና ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2004 መራመድ፣ በ2009 ደግሞ መናገር ተሳናት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2013 በካሊፎርኒያ ግዛት በ70 ዓመቷ አረፈች።

ይህ ታሪክ የሁሉም ታማሚ ታሪክ አይደለም። ከሕመሙ ጋር እየኖሩ እስከ እርጅና የሚራመዱ ብዙዎች ናቸው። ከእርሷ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ግን ይዘን እንሂድ። የመጀመሪያው በሕመሙ መጀመሪያ ላይ ሰዎች የመሰላቸው ስካር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ሕመሙ በታወቀበት በ1987 የሕመሙን አካሄድ የሚያዘገይ አንድም የተፈቀደ መድኃኒት አለመኖሩ ነው። ወደ ሁለቱም እንመለስባቸዋለን።

የነርቭ መልእክት ፍጥነት አለው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበሩ ብዙ ሊቃውንት የነርቭ መልእክት ከመፍጠኑ የተነሣ ፈጽሞ ሊለካ አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850 ግን የጀርመኑ ሊቅ ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለካው። ነርቩን አንድ ጊዜ ከጡንቻው አጠገብ፣ ሌላ ጊዜ ራቅ አድርጎ በኤሌክትሪክ ነካው፤ ጡንቻው የተኮማተረበትን የጊዜ ልዩነትም መዘገበ። ውጤቱ በሰከንድ 27 ሜትር ገደማ ሆነ። ይህ ከድምፅ ፍጥነት እንኳ ያነሰ ነው። አሳብና ድርጊት አንድ እንዳልሆኑ በዚህ ታወቀ።

በዚያው ዘመን የፊዚክስ ሊቁ ዊሊያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ በባሕር ወለል ላይ የሚዘረጋ የቴሌግራፍ ገመድ መልእክትን ለምን እንደሚያዘገይ ያጠና ነበር። ገመዱ በሽፋኑ አማካይነት ከባሕሩ ውኃ ጋር ሆኖ ረጅም ካፓሲተር ይሆናል። መልእክቱ ወደፊት ከመሄዱ በፊት ይህንን ካፓሲተር መሙላት አለበት። በተጨማሪም ከሽቦው ጥቂት ኮረንቲ በሽፋኑ በኩል ይሾልካል። እ.ኤ.አ. በ1858 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር በተዘረጋው የመጀመሪያ ገመድ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችው የ98 ቃላት መልእክት ተላልፎ ለመጠናቀቅ 16 ሰዓት ገደማ ፈጅቷል። ሽፋኑ ደካማ ስለነበር ገመዱ ራሱ ከሳምንታት በላይ አላገለገለም።

የነርቭ ክርም እንዲህ ያለ ገመድ ነው። በውስጡ ጨዋማ ፈሳሽ፣ በውጭውም ጨዋማ ፈሳሽ አለ፤ በመካከላቸው 5 ናኖ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስስ የስብ ሽፋን አለ። ነርቩ ዕረፍት ላይ ሲሆን የውስጡ ቮልቴጅ ከውጭው በ70 ሚሊቮልት ያህል ዝቅ ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በ5 ናኖ ሜትር ላይ ሲካፈል የኤሌክትሪክ መስኩ በሜትር 14 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። ይህ በአየር ውስጥ ብልጭታ ለማስነሣት ከሚያስፈልገው መስክ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። መልእክት ሲመጣ በሽፋኑ ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ተከፍተው ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቮልቴጁ ለአንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ይገለበጣል፤ ከዚያም ፖታሲየም ወደ ውጭ በመውጣቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህንን ሂደት በስኩዊድ ነርቭ ላይ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1952 በሒሳብ ያስቀመጡት እንግሊዛውያኑ አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሀክስሊ እ.ኤ.አ. በ1963 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

ማየሊን የተባለው ጥምጥም

ፍጥነት ለመጨመር ተፈጥሮ ሁለት መንገድ ተጠቅማለች። አንዱ ክሩን ማወፈር ነው። ስኩዊድ የተባለው የባሕር እንስሳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የወፈረ የነርቭ ክር አለው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚህ ዘዴ የሰውን ኅብለ ሠረሠር እንሥራ ብንል ግን ውፍረቱ ከአንገታችን በላይ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ሽፋን ማልበስ ነው። በአንጎልና በኅብለ ሠረሠር ውስጥ ልዩ ሕዋሳት የስብ ሽፋናቸውን በነርቩ ክር ላይ ደጋግመው ይጠመጥሙታል፤ ልክ በካህን ራስ ላይ እንደሚጠመጠም ጥምጥም ማለት ነው። ይህ ጥምጥም ማየሊን ይባላል። ጥምጥሙ ያለማቋረጥ አይሄድም፤ እንደ ሸምበቆ በየአንድ ሚሊ ሜትሩ ገደማ አንጓ አለው። እነዚህን አንጓዎች በ1870ዎቹ መጀመሪያ ያገኛቸው ፈረንሳዊው ሉዊ አንትዋን ራንቪዬ በመሆኑ በስሙ ይጠራሉ። የሶዲየም በሮች በብዛት የሚገኙትም በእነዚህ አንጓዎች ላይ ነው።

አሁን የካፓሲተር ትምህርታችንን እናስታውስ። በተርታ የተያያዙ ካፓሲተሮች ጠቅላላ አቅማቸው ይቀንሳል፤ በተርታ የተያያዙ ተቃውሞዎች ግን ይደመራሉ። አንድ የሕዋስ ሽፋን በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ማይክሮፋራድ ያህል አቅም አለው። 100 ጊዜ የተጠመጠመ ማየሊን 200 የሽፋን ድርብ ይሆናል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዙር ሁለት ሽፋን አለው። ስለዚህ አቅሙ በ200 ተካፍሎ ወደ 0.005 ማይክሮፋራድ ይወርዳል፤ ተቃውሞውም በ200 ይባዛል። መልእክቱ የሚሞላው ካፓሲተር ትንሽ፣ የሚሾልከውም ኮረንቲ ጥቂት ይሆናል ማለት ነው። በመሆኑም ከአንዱ አንጓ የተነሣው ኮረንቲ ሳይባክን ቀጣዩ አንጓ ይደርሳል፤ እዚያም እንደገና ይታደሳል። መልእክቱ ከአንጓ ወደ አንጓ የሚዘል ይመስላል።

የዚህ ውጤት አስደናቂ ነው። ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር ብቻ የወፈረና ማየሊን የለበሰ የሰው ነርቭ መልእክትን በሰከንድ ከ60 እስከ 120 ሜትር ያደርሳል። ሽፋን የሌለው ቀጭን ክር ግን በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው።

ሽፋኑ ሲገፈፍ

በኤም ኤስ ሕመም የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ወዳጁን ከጠላት ሳይለይ ማየሊንን ያጠቃል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 በፓሪስ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ሕመሙን ለይቶ ሲገልጸው በሟቾች አንጎልና ኅብለ ሠረሠር ውስጥ የደነደኑ ጠባሳዎችን አይቷል። የሕመሙ ስምም «ብዙ የደነደኑ ጠባሳዎች» እንደማለት ነው።

ጥምጥሙ በተገፈፈበት ስፍራ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ውጤት መዘግየት ነው። ከአንጎል እስከ እግር ያለው መንገድ 1.5 ሜትር፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 60 ሜትር ነው እንበል፤ ጉዞው 25 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ከዚህ መንገድ 10 ሴንቲ ሜትሩ ሽፋኑን አጥቶ ፍጥነቱ በዚያ ስፍራ ወደ 2 ሜትር በሰከንድ ቢወርድ፣ ያቺ አጭር ርቀት ብቻዋን 50 ሚሊ ሰከንድ ትወስዳለች። ጠቅላላው ጊዜ ወደ 73 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ያድጋል። በተጨማሪም በሺህ የሚቆጠሩት ክሮች እኩል አይጎዱም። አንዳንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። ማኅሌት የቆሙ መዘምራን ከበሮውንና ጽናጽሉን ሳይገናኙ ቢመቱ ዜማው እንደሚበላሽ ሁሉ የእግር እርምጃም እንዲሁ ይበላሻል። ያ መንገዳገድ ሰክሮ ከሚራመድ ሰው እርምጃ ጋር ቢመሳሰል አይገርምም፤ በሁለቱም ዘንድ የጠፋው የጡንቻ ጉልበት ሳይሆን የጊዜ ስምምነት ነው።

ሁለተኛው ውጤት ፈጽሞ መቋረጥ ነው። ጤናማ አንጓ ቀጣዩን አንጓ ለማስነሣት ከሚያስፈልገው ኮረንቲ ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይልካል። መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ ሊሸከም ከሚችለው ጭነት በላይ አድርጎ እንደሚያጠነክረው ሁሉ ተፈጥሮም መጠባበቂያ አስቀምጣለች። ይህን ቁጥር የደኅንነት መጠን እንበለው። ማየሊን ሲገፈፍ ኮረንቲው በመንገድ ይሾልካል፤ የደኅንነት መጠኑም ወደ 1 ይጠጋል። ከ1 በታች ከወረደ መልእክቱ እዚያው ይቆማል።

ለልጁ ጥያቄ መልሱ ያለው በዚህ ነው። የደኅንነት መጠኑ 5 የሆነ ነርቭ ጥቂት ቢቀንስበትም ሥራውን አያቋርጥም። መጠኑ 1.05 የሆነ ነርቭ ግን በገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ሰው ነው። ትንሽ ድካም፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ትንሽ ሙቀት ወደ ታች ይጥለዋል፤ ትንሽ ዕረፍትም መልሶ ያወጣዋል። እናቲቱ ትናንት ደረጃውን የወጣችው እውነት ነው፤ ዛሬ ያቃታትም እውነት ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል የተለወጠው ፈቃዷ ሳይሆን ከመቶ አምስት እጅ የማይበልጥ የኮረንቲ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የሙቀት ነገር

እ.ኤ.አ. በ1890 ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ አንዳንድ የኤም ኤስ ታማሚዎች አካላዊ እንቅስቃሴ ካደረጉ በኋላ ዓይናቸው ለጊዜው እንደሚደክም ጻፈ። በኋላ እንደታወቀው ምክንያቱ የሰውነት ሙቀት መጨመር ነው። ከዚህ የተነሣ ዘመናዊ የምርመራ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች ተጠርጣሪውን በሙቅ ውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ምልክቱ ይብስ እንደሆነ ይመለከቱ ነበር።

ፊዚክሱ እንዲህ ነው። የሶዲየምና የፖታሲየም በሮች የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ፍጥነት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ወደ ሦስት እጥፍ ያድጋል። ለአንድ ዲግሪ ስናሰላው የ3 አሥረኛ ሥር 1.12 ገደማ ነው፤ ይኸውም 12 በመቶ መፍጠን ነው። በሮቹ ፈጥነው ሲዘጉ የመልእክቱ ቆይታ ያጥራል፤ ቀጣዩን አንጓ የሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ሙልም ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል ቅናሹ 10 በመቶ ነው እንበል። በጤናማው ነርቭ የደኅንነት መጠኑ ከ5 ወደ 4.5 ይወርዳል፤ ማንም አያስተውለውም። በተጎዳው ነርቭ ከ1.05 ወደ 0.95 ይወርዳል፤ መልእክቱም ይቆማል። በቤተ ሙከራም ማየሊኑን ያጣ ነርቭ በግማሽ ዲግሪ ጭማሪ ብቻ መልእክት ማስተላለፉን ሊያቆም እንደሚችል ታይቷል።

ይህ ለአገራችን አንባቢ ተግባራዊ ትርጉም አለው። በእኛ ዘንድ እጅ እግሩ የደከመ ሰው ወደ ፍል ውኃ መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። የኤም ኤስ ታማሚ ግን ፍል ውኃ ውስጥ ገብቶ እግሩ ሊከዳው፣ ዓይኑም ሊደበዝዝ ይችላል። ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ በነርቩ ላይ አዲስ ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም፤ ሆኖም ብቻውን በውኃ ውስጥ ሳለ ቢከሰት የመስጠም አደጋ አለው።

ይኸው ስሌት መድኃኒትም አስገኝቷል። የመልእክቱ ቆይታ ማጠሩ ጉዳት ካመጣ፣ ማስረዘሙ ሊጠቅም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የተፈቀደው ዳልፋምፕሪዲን የፖታሲየም በሮችን በመዝጋት ይህንኑ ያደርጋል። ማየሊንን ባይመልስም የአንዳንድ ታማሚዎችን እርምጃ ያፈጥናል።

ጠባሳውን ማየት

ሻርኮ ጠባሳዎቹን ያየው ታማሚዎቹ ከሞቱ በኋላ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ በግልጽ ማየት የተቻለው ኤም አር አይ ሲመጣ ነው፤ በኤም ኤስ ታማሚዎች ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1981 ታተመ። መሣሪያው የሚጠቀመው በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለውን የሃይድሮጂን ኒውክለስ ነው። ኒውክለሱ እንደ ጥቃቅን ማግኔት ስለሆነ በ1.5 ቴስላ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ በሰከንድ ወደ 64 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል። ይህ በከተማችን ከምንሰማቸው የኤፍ ኤም ራዲዮ ጣቢያዎች ድግግሞሽ ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። በዚሁ ድግግሞሽ የራዲዮ ሞገድ ሲላክለት ኃይል ይቀበላል፤ ሞገዱ ሲቋረጥ ምልክት እየሰጠ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። በጠባሳው ስፍራ ያለው ውኃ በማየሊን ድርብ መካከል ስላልታሠረ ምልክቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ በምስሉም ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ለዚህ መሣሪያ መሠረት የጣሉት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ማንስፊልድ የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ።

ኤም አር አይ አንድ ያልተጠበቀ ነገርም አሳይቷል። ታማሚው ደኅና ነኝ በሚልበት ጊዜ እንኳ አዳዲስ ጠባሳዎች ይወጣሉ። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ሽፋኑ ብቻ ሳይሆን ሽቦው ራሱ ከጊዜ ብዛት እንደሚቆረጥ አረጋግጠዋል። የተገፈፈ ሽፋን በከፊል ሊታደስ ይችላል፤ የተቆረጠ ሽቦ ግን አይቀጠልም። ለብዙ ታማሚዎች የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መታመምና መዳን የሚፈራረቁባቸው፣ የኋለኞቹ ግን ቀስ በቀስ ወደ ታች የሚሄዱ የሚሆኑት ለዚህ ነው። አኔት ፈኒቼሎ ከመንገዳገድ ወደ አለመራመድ፣ ከዚያም ወደ አለመናገር የደረሰችበት የ25 ዓመት ጉዞ ይህንን መልክ ይዟል።

መድኃኒትና ተስፋ፣ ተስፋና ማስረጃ

የሕመሙን አካሄድ የሚያዘገየው የመጀመሪያ መድኃኒት፣ ኢንተርፌሮን ቤታ፣ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በ1996 በእስራኤል ዋይዝማን ተቋም ከተጀመረ ምርምር የተገኘው ግላቲራመር ተከተለ። በ2010 የመጀመሪያው የሚዋጥ መድኃኒት ፊንጎሊሞድ፣ በ2017 ደግሞ ከመጀመሪያው አንሥቶ ቀስ በቀስ ለሚጠናው የሕመሙ ዓይነት የመጀመሪያው መድኃኒት ኦክሬሊዙማብ ተፈቀዱ። ፈዋሽ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ነገር ግን ዛሬ ሕመሙ የሚታወቅለት ወላጅ ያለበት ሁኔታ በ1987 ከነበረው የተለየ ነው።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ለሳይንስ ተማሪ ትምህርት የሚሆን አንድ ክስተት አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጣሊያናዊው ሐኪም ፓኦሎ ዛምቦኒ ኤም ኤስ የሚመጣው ከአንጎል ደም የሚመልሱ ሥሮች በመጥበባቸው ነው የሚል መላ ምት አቀረቡ። ባለቤታቸውም የዚሁ ሕመም ታማሚ ስለነበሩ ጥረታቸው ከልብ ነበር። በብዙ አገሮች ያሉ ታማሚዎች የደም ሥራቸውን ለማስፋት ከአገር አገር ተጓዙ፤ ብዙ ገንዘብም ወጣ። አንዳንዶቹ ተሽሎናል አሉ። ሕመሙ ራሱ የሚመጣና የሚሄድ በመሆኑ ግን መሻል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በመጨረሻ ዛምቦኒ ራሳቸው የመሩት ጥናት ተካሄደ፤ በዚህም ታማሚዎቹም ሆኑ መርማሪዎቹ ማን እውነተኛውን ሕክምና እንዳገኘ ሳያውቁ ውጤቱ ተመዘነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ውጤት ሕክምናው እንደማይጠቅም አሳየ። የራስን መላ ምት ለእንዲህ ያለ ፈተና ማቅረብና ሽንፈቱንም ማሳተም የሚያስመሰግን ተግባር ነው።

የሕመሙን መነሻ በተመለከተ ጠንካራው ማስረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ የመረመረ ጥናት ኤፕስቲን ባር በተባለው ቫይረስ የተያዙ ሰዎች በኤም ኤስ የመያዝ ዕድላቸው 32 እጥፍ እንደሚጨምር አሳየ። ይህ ቫይረስ ከአዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የያዛቸው ስለሆነ ብቻውን ሕመሙን አያመጣም፤ የዘር ውርስና ሌሎች ምክንያቶች መታከል አለባቸው።

ልጆች የሚፈሩት

ልጆች በልባቸው የሚያሳድሩት ሌላ ፍርሃት «ለእኔም ይተርፋል?» የሚለው ነው። ኤም ኤስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንድ ወላጁ ታማሚ የሆነ ልጅ በሕይወቱ በሕመሙ የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ2 እስከ 3 ገደማ ነው። ይህ ከሌላው ሰው ቢበልጥም 97 ወይም 98 የሚሆኑት አይያዙም ማለት ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ አንዱ ቢታመም ሌላው የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ያህል ነው። እርግዝናም ቀድሞ ይፈራ እንደነበረው ሕመሙን አያባብስም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ሕመሙ የሚያገረሽበት ጊዜ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ከወሊድ በኋላ ለሦስት ወራት ያህል ቢጨምርም በኋላ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

በአገራችን

ኤም ኤስ ከምድር ወገብ እየራቁ በሄዱ ቁጥር የሚበዛ ሕመም ነው፤ እንደ እኛ ባለ አገር ብርቅ ነው። ብርቅ መሆኑ ግን የለም ማለት አይደለም። እንዲያውም ብርቅ በመሆኑ የሚያውቀው ስለሚያንስ ታማሚው ለረጅም ጊዜ ስሙን ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት የኤም ኤስ መድኃኒቶችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱ ለታዳጊ አገሮች ታማሚዎች መልካም ዜና ነው።

ከመድኃኒቱ በፊት ግን የሚያስፈልገው ማወቅ ነው። አንዲት እናት በድንገት አንድ ዓይኗ ቢደበዝዝ፣ እግሯ ቢደነዝዝ፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ተመልሳ ደኅና ብትሆን፣ በመንደሩ ዘንድ መጋኛ ወይም የሰው ዓይን ነው ይባል ይሆናል፤ ስትንገዳገድ የታየችም እንደሆነ ትጠጣለች ትባላለች። ጠበል መሄድ የታማሚዋ እምነት ነው፤ እርሱም የነርቭ ሐኪም ከማየት የሚከለክል አይደለም። ምልክቱ ጠፍቷል ብሎ ምርመራውን መተው ግን አይገባም፤ ጠባሳው በዝምታ ሥራውን ሊቀጥል ይችላልና።

እኛ የፊዚክስ ሰዎች በሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት መለኪያችንን እንድናይ ተምረናል። ከአምስት እጥፍ መጠባበቂያ ጋር የሚራመድ ሰው ከመጠባበቂያ ውጭ የሚራመደውን «ብትፈልግ ትችል ነበር» ሊለው አይገባም። ያች ወላጅ ከወንበሯ ተነሥታ እስከ በሩ ስትደርስ በተገፈፈ ሽቦ ላይ መልእክት አሳልፋለች፤ ጥረቷም ደረጃ በሩጫ ከሚወጣው ልጇ ጥረት ያነሰ አይደለም።